ስትዘገይ ጠብቋት

ወንድሜ ይበልጣል የሞተው እሑድ ነው። እኔ ግን የምጀምረው ከቅዳሜው ነው። ቅዳሜ ምንም ያልሆነበት ቀን ነበር። ምንም ያልሆነበትን ቀን ሰው አያስተውለውም፤ እኔም አላስተዋልኩትም። አሁን አንድ በአንድ ላስታውስ ስል የሚመጣልኝ ትንሽ ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ ነው የምነዳው። ጠዋት ጠዋት ይበልጣልን ሱቁ የማደርሰው እኔ ነኝ። ሱቁ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ነው፤ ጽሕፈት፣ ፎቶኮፒና የኮምፒውተር ጥገና። ቤታችን ባጃጅ የማይገባበት ቁልቁለት ሥር ስለሆነ እስከ አስፋልቱ ዳገቱን በእግር እንወጣለን። ዳገቱ አጭር ነው፤ ለሱ ግን አጭር አልነበረም። ልቡ ከልጅነቱ ጀምሮ የታመመ ነው። ባሕር ዳር ያየው ሐኪም ከባድ እንዳያነሣ፣ ዳገት ሲወጣም እንዲያርፍ ነግሮታል። ይበልጣል ግን መሐል ላይ ሲደክመው ደከመኝ አይልም። ቆም ይልና የሰው አጥር ያያል።

"ይቺ ግራዋ ደግሞ እንዴት አድጋለች!" ይላል።

እኔም ቆሜ ግራዋዋን አያለሁ። ትንፋሹ ሲመለስ እንሄዳለን። ቅዳሜም እንደዚያው አደረግን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ይዘጋና አባባ ሞላ ቤት ይሄዳል። አባባ ሞላ በእናታችን በኩል የሩቅ ዘመዳችን ናቸው፤ ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለዩት። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ልወስደው ሄድኩ። ወደ ሐሙሲት የሚሄድ ተሳፋሪ መናኸሪያ የማደርስ ስለነበር ቸኩያለሁ። በሩ ላይ ሆኜ ክላክስ አደረግኩ። አልወጣም። ደግሜ ረዘም አድርጌ ነፋሁት።

"አባባ፣ ጌታሰው መጥቷል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ እናቆየው" ሲል ሰማሁት።

"ምነው አንተ! እናንተ ቤት ደጃፍ ላይ ደርሰን?"

"ደጃፍ ከደረስንማ መግባታችን አይቀርም።"

እየሳቀ ወጣ። "አያ፣ ቶሎ በል እንጂ" አልኩት።

"ዘር እየተቆጠረ ክላክስ ይደረጋል?"

"ዘራችን ተቆጥሮ እስኪያልቅ ተሳፋሪዬ ሊያመልጠኝ ነው።"

ይኸው ነው። ቅዳሜ ማለት ይኸው ነው።

ዘር መቁጠር የሚለውን ማስረዳት አለብኝ። እኛ አገር ልጅ ከመታጨቱ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። የወንዱም የሴቷም ወላጆች፣ አያቶች፣ ቅድመ አያቶች እየተባለ ወደ ላይ ይኬድና ከሰባት በታች ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። ይህን ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ሰው በየአገሩ አንድ ሁለት አይጠፋም ነበር። በኛ በኩል የቀሩት አባባ ሞላ ብቻ ናቸው። ከእብናት ድረስ ሽማግሌ ይላክባቸዋል። ስም ሲጠሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን እያጠፉ ነው።

የሚያስጨንቃቸው ነገር ነበር። ልጆቹ ከገጠር ወጥተው ከተማ ይሠራሉ፣ ዓረብ አገር ደርሰው ይመለሳሉ፣ በስልክ ይተዋወቁና ይጋባሉ። ማንም አይጠይቅም። "እኔ ስሞት የሚጠይቅ ቢመጣ እንኳ የሚመልስለት የለም" ይሉ ነበር። አሁን ደግሞ አንዳንድ ስም ይጠፋባቸው ጀምሯል። አንድ ቀን የገዛ አክስታቸውን ስም አጥተው ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሲያለቅሱ ዋሉ አለች ልጃቸው የሺ።

የሺ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ነው የተመለሰችው። ስትመጣ የአሠሪዎቿ ልጅ አዲስ ሲገዛ የተወውን ላፕቶፕ ሰጥተዋታል። ያ ልጅ አዲሱን ኮምፒውተር ሲያናግረውና ኮምፒውተሩ የተባለውን ሲጽፍ በዓይኗ አይታለች። ለአባቷ ነገረቻቸው። በስልክ ሞከሩት፤ ስልኩ ያለ ኔት አይሰማም፣ ኔት ደግሞ በዚያ ሰሞን አልነበረም። አንድ የሰፈር ልጅ አዲሱን ሲስተም ብትጭኑበት ያለ ኔትም ይሰማል ስላላቸው ላፕቶፗን ይዘው ወንድሜ ዘንድ መጡ። አባባ ሞላ ልብሳቸውን አጥበው፣ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ሆነው ነበር የመጡት።

ይበልጣል ሲስተሙን ከባሕር ዳር በፍላሽ አስመጣ። የጫነው ዕለት ዝናብ አስገብቶኝ እኔም ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። መጫኑ ትንሽ ሄደና ቆመ።

"ምን አለ?" አሉ አባባ ሞላ።

"አይሆንም አለ።"

"ማን ነው እሱ?"

"አዲሱ ሲስተም ነው አባባ። ኮምፒውተሯን ሁሉን ነገር የሚያዛት።"

"ሳይገባ ነው የሚያዝ?"

"ከመግባቱ በፊት ይጠይቃል። የሚጠይቀው ትውልዷን ነው። ፋብሪካው የኮምፒውተርን አእምሮ በትውልድ ነው የሚቆጥር። ይቺ ስድስተኛ ናት። አዲሱ ከስምንተኛ ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበል።"

አባባ ሞላ ከዘራቸውን ሲሚንቶው ላይ መታ መታ አደረጉና በሳቅ ተንከተከቱ።

"አንተዬ! እኔ ሰባት ስቆጥር ኋላ ቀር ይሉኛል። ይኸ ዘመናዊው ስምንት ይቆጥራል!"

የሺ አልሳቀችም። "አታለሉኛ! የተበላሸ ነው የሰጡኝ?"

"ኧረ የለም የሺዬ። ምንም አልሆነችም፤ ደህና ማሽን ናት" አላት። ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ወንድሜ ሰው የማይገባውን ነገር ሲያስረዳ ሁሌ ይቀመጣል። ቆሞ የሚያስረዳ ሰው መሄድ የፈለገ ይመስላል ይል ነበር።

"ዛሬ የኮምፒውተር ሌባ ሲስተሙ ሳይነሣ ቀድሞ ገብቶ ይደበቃል። ስለዚህ አዲሶቹ ሲሠሩ ቁልፍ የሚቀመጥባት ትንሽ ሣጥን ሆዳቸው ውስጥ አብራ ትሠራለች። አዲሱ ሲስተም ምስጢሩን የሚያኖረው እዚያ ነው። የዚቺ ሣጥን የድሮ ዓይነት ነው፤ አያምናትም። ደግሞ ሲስተሙን የሚጽፉት ሰዎች በየማሽኑ እየሞከሩ ነው የሚለቁት። ማሽኑ ስንትና ስንት ዓይነት! ሁሉን እንሞክር ቢሉ አዲሱ አይወጣም። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ መስመር ያሰምራሉ። ከዚህ ወዲያ ያለውን አንሞክርም፣ ቢበላሽም አንጠየቅም ይላሉ።"

"መስማቱስ?" አለች የሺ።

"ሰምቶ መጻፍ ትልቅ ሥራ ነው። አሁን ለዚያ ለብቻው የተሠራ አካል ያላቸው እየመጡ ነው። እሷን ያን ሥሪ ብንላት ትግላለች እንጂ አትችልም። አዲሱም ቢሆን አማርኛችንን ገና በደንብ የሚሰማ አይመስለኝም።"

"አዲስ እንድንገዛ ብለው ነው እንጂ!"

"እሱም አለበት። የለበትም አልልም። መስመሩን የሚያሰምሩትም የሚሸጡትም አንድ ላይ ናቸው።"

አባባ ሞላ እንደ ዳኛ አንገታቸውን ቀና አድርገው "ታዲያ ፍርዱ ልክ ነው?" ሲሉ ጠየቁት።

"ለአዲሶቹ ልክ ነው። እሷ ላይ ግን ከበደ።"

እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ "አያ፣ በጓሮ በር ማስገባት ይቻላል ስትል አልነበር?" አልኩ። ማሳፈሬ እንደሆነ አላወቅኩም። ይበልጣል እጁን አገጩ ላይ አደረገ።

"ይቻላል። አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ" አለ። አንበሳሜ የምታስተምር አንዲት መምህርት ለምናው፣ ጥያቄውን እንዲያልፍ አድርጎ አዲሱን ሲስተም አሮጌ ማሽኗ ላይ ጫነላት። ደስ ብሏት ሄደች። ከወራት በኋላ ማሽኑ ራሱን ሲያድስ ተኝቶ ቀረ። የተማሪዎቿ ውጤትና የሞቱት አባቷ ፎቶዎች ውስጡ ነበሩ። ይበልጣል ሦስት ጊዜ አንበሳሜ ተመላለሰ። ውጤቱን አወጣላት፤ ከፎቶዎቹ ግን ጥቂቱን ብቻ። "ማሽኗ አይደለችም ያጠፋችው፤ እኔ ነኝ አልኳት" አለን። "የማትችለውን ችላለች ብዬ ዋሸሁባት። ከዚያ ወዲህ በጓሮ በር አላስገባም።"

አባባ ሞላ ለመነሣት ከዘራቸውን ፈለጉ። ሲመጡ የነበሩትን ያህል አይሆኑም ነበር። እንግዲህ ይቅር፣ አሉ። ያኔ ነው ይበልጣል እጃቸውን የያዘው።

"አባባ፣ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እሰማለሁ። እኔ ስነካት እሷ ትጽፋለች። የማትችለው መስማቱን ብቻ ነው፤ እሱን እኔ ልሁን።"

"አንተ ሱቅ የለህም?"

"ቅዳሜ ከሰዓት የለኝም።"

"ስንተኛ ትውልድ ነህ አንተ?" አሉት እየሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል።

"እሱን እርስዎ ይቁጠሩልኝ።"

እንዲህ ነው የተጀመረው። ከዚያ ወዲህ የተዋት ቅዳሜ የለችም፤ አንድ ጊዜ ብቻ እግሩ አብጦ ከተኛባት በቀር።

ሌላ ስለሱ ምን ልበል። ፕላስተሩን ልናገር። ለጥገና የመጣ ማሽን ሁሉ ከሱ ሱቅ ሲወጣ ከሥሩ ነጭ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎበት ነው። በእስክሪብቶ የማሽኑን ጠባይ ይጽፍበታል። አንዱ ላይ "ከፀሐይ ያርቁኝ" ብሎ ጽፎ አይቻለሁ። የአንድ ጠበቃ ማሽን ላይ "ይህ ሽማግሌ ነው፤ ፊልም አይወድም" ብሎ ጠበቃው ሱቅ ድረስ መጥተው ስቀዋል። ሰዎች አሮጌ ኮምፒውተር ይዘው ሲመጡ የሚያፍሩት ነገር አለ፤ ደጃፉ ላይ ሆነው "ይሄ እንኳ ይጣላል" እያሉ ነው የሚገቡት። እሱ ተቀብሎ አቧራውን በብሩሽ ያራግፍና "ምን ስትሠራ ነው የኖረች?" ብሎ ይጠይቃል። የሰው ስም የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። የማይሠራውን ደግሞ አይሠራም ብሎ በግልጽ ይናገራል። በዚህ ደንበኛ የሚሸሸው ይመስለኝ ነበር። አልሸሸውም።

አልተቆጣም ብል ግን ውሸት ነው። እኔ ስቸኩል ይቆጣ ነበር። ኮምፒውተር ሲዘገይብኝ ቁልፉን ደጋግሜ እመታለሁ። "አንድ ጊዜ ነግረሃታል፤ ሰምታለች። አሥር ጊዜ ስትነግራት አሥሩንም ልትሠራ ነው የምትሞክር" ይለኛል እጄን እያነሣ። አስተምርሃለሁ ብሎ ብዙ ደክሞብኛል። አልተማርኩም። እስካሁን የምጽፈው በሁለት ጣት ነው።

አባባ ሞላና እሱ የተጣሉበትም ነገር አለ። መጣላት እንኳ አይባልም። አባባ ሞላ ሲቆጥሩ ልጅ ሳይወልድ የሞተውን ይዘሉታል። አቆጣጠሩ እንደዚያ ነው፤ ቤቱ የሚሄደው በወለደው በኩል ስለሆነ ያልወለደ ሰው ስም ቦታ አይያዝለትም። ይበልጣል ግን እያንዳንዱ ቤት ሲያልቅ "ከዚህ ቤት ሌላ ልጅ አልነበረም?" ብሎ ይጠይቃል።

"ነበር። ግን አልወለደም። ምን ያደርግልሃል?"

"ስሙን ብቻ።"

"ለጋብቻ አይጠቅም፣ ለርስት አይጠቅም!"

"አባባ፣ ይኸማ የሲስተሙ ፍርድ ሆነ።"

ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ይሰጡታል። እሱ ላፕቶፗ ላይ ከሚጽፈው የዘር መጽሐፍ መጨረሻ "ያልወለዱ" የሚል ገጽ ከፍቶ እዚያ ያኖራቸው ነበር። ደስታ፣ በልጅነቷ ፈንጣጣ የወሰዳት። አድማሱ፣ መንኩሶ ወጥቶ ያልተመለሰ። አንዷ ስሟ እንኳ የጠፋ፣ "የእንኮዬ መንታ" ብቻ። አንዳንዴ አባባ ሞላ ስለነዚህ ሰዎች ማውራት ከጀመሩ አያቆሙም። ስለ ወለዱት ስም ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ስላልወለዱት ግን ጠባያቸውን፣ ዘፈናቸውን፣ የሞቱበትን ዛፍ ሳይቀር ያውቃሉ።

አንድ ቀን "አንተስ? አግባና ልቁጠርህ እንጂ!" አሉት።

"እኔን መጨረሻ ገጽ ላይ ይጻፉኝ" አለ። አሳቀንና አለፈ። እናታችን ግን አልሳቀችም፤ በልቡ ምክንያት እንዳላገባ ታውቃለች።

እሑድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ፊቱን እየታጠበ ሳለ ጆጉ ከእጁ ወደቀ። እናቴ የተንሸራተተ መስሏት "እኔን!" አለች። ስደርስ ዓይኑ ክፍት ነው፤ አያየኝም። እኔና ጎረቤታችን ተሸክመነው ዳገቱን ወጣን። ግራዋዋ ጋ አልቆምንም። ያን ዳገት ከወንድሜ ጋር ሳልቆም የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጎረቤታችን ባጃጇን ነዳ፣ እኔ ከኋላ አቅፌው ነበር። ሆስፒታል በር ላይ ስንደርስ ክላክሱን አላቋርጥም አለ። እኔ ግን አቁም አልኩት። አውቄዋለሁ።

በዘጠኝ ሰዓት ተቀበረ። ስለ ቀብሩ መጻፍ አልችልም።

ሰኞ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ብርድ ነበር። አባባ ሞላ በየሺ እየተመሩ መጡ። እናቴን አጽናኑ፣ ከዚያ በእጃቸው ትከሻዬን ፈልገው አገኙና አጠገቤ ተቀመጡ። የሺ ነጠላ ውስጥ የጠቀለለችውን ጭኔ ላይ አስቀመጠች። ላፕቶፗ ነበረች።

"ውሰዳት። ሱቁ ትሁን" አሉኝ። "እኔ ጨርሻለሁ።"

"አልጨረሱም አባባ።"

"የሚሰማኝ ሄደ። ማን ሊጽፈው? ይቅር።"

ነጠላውን ፈታሁ። ገልብጬ ከሥሯ ያለውን ፕላስተር አየሁት፤ የሱ ጽሑፍ ነው፣ ቀጥ ቀጥ ያለ። "የአባባ ሞላ ናት። ስድስተኛ ትውልድ። አትሰማም፤ ትጽፋለች። ሁለት ነገር ባንዴ አትጠይቋት። ስትዘገይ አትደጋግሙባት፤ ጠብቋት።"

ከፈትኳት። መጽሐፉ እዚያው የተወው ቦታ ላይ ወጣ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ "ዓለሙ እጅጉን ወለደ። እጅጉ" እዚያ ላይ ይቆማል። እጅጉ የእናታችን አያት ነው። እዚያ ላይ ነው እኔ ክላክስ ያደረግኩት።

"እጅጉ ይላል አባባ" አልኩ። "እጅጉ ማንን ወለደ?"

ከወዲያ በኩል የተቀመጡት አጎታችን "አንተ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ደግሞ ኮምፒውተር? ዝጋው እንጂ! ሰው ምን ይላል?" አሉ።

አባባ ሞላ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። "ተወው። ዘር ነው የሚቆጠር። ለቅሶ ቤት ያልተቆጠረ የት ሊቆጠር ነው?" ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጣታቸውን አጠፉ። "በል። እጅጉ ካሳን ወለደ።"

በሁለት ጣት ፈልጌ ጻፍኩ። አንዱን ፊደል ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። አልቸኮሉብኝም።

"ካሳ ጥሩነሽን ወለደ።" ጥሩነሽ እናታችን ናት። ስሟ ሲጠራ ከሴቶቹ መሐል ቀና አለች።

"ጥሩነሽ…" አሉና ቆሙ።

እኔ ገጹን ወደ ታች ማውረድ ጀመርኩ። "ያልወለዱ" የሚለው ጋ ደረስኩ። ከእንኮዬ መንታ ቀጥሎ ባዶ መስመር አለ። "አባባ፣ መጨረሻ ገጽ ላይ ነኝ። እዚህ ልጻፈው?"

"የት ነህ አልክ?"

"ያልወለዱ የሚለው ጋ። ራሱ እዚያ ጻፉኝ ብሎ አልነበር?"

አባባ ሞላ እጃቸውን ዘርግተው እጄን ያዙ። ላፕቶፗ ላይ ያለውን እጄን።

"ተመለስ" አሉ። "እናትህ ሥር ጻፈው። ጥሩነሽ ይበልጣልን ወለደች በል። በኩር ነው፤ ቀድሞ ይጻፋል። ከሱ ቀጥሎ አንተን።"

"አቆጣጠሩ አይፈቅድማ።"

"ቆጣሪው እኔ ነኝ።"

ተመለስኩ። "ጥሩነሽ" ብዬ ጻፍኩ። የሱን ስም ስጀምር ማሽኗ ቀጥ አለች። ቁልፎቹን ነክቻለሁ፤ ምንም የወጣ የለም። ጣቴ ሊደግም ተነሣ።

"ጻፍከው?" አሉኝ።

"ገና ነው አባባ። ዘግይታለች።"

"ጠብቃት።"

እጄን አንሥቼ ጭኔ ላይ አደረግኩ። ጠበቅኳት። ብዙ ቆየች። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ይ፣ በ፣ ል እያለች አወጣችው።